ፒያኖ እየተጫወታችሁ ገጽ የምትገልጡት በየትኛው እጃችሁ ነው?

ጀማሪ_አጃቢ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ግን የምሬን ነው።

ፒያኖ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። እስካሁን የተጫወትኩት ብቻዬን ነው። አጫጭር ነገሮች ናቸው፤ ከሁለት ገጽ ካለፉ በቃሌ እይዛቸዋለሁ። አሁን ግን ቫዮሊን የምትጫወት አንዲት ጓደኛዬ የቤትሆቨንን «ስፕሪንግ» ሶናታ አጅበኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ኖታውን ሳላይ ነው።

የሷ ኖታ ጥቂት ቅጠል ነው። የኔ መጽሐፍ ነው! ዜማው ገና ሞቅ ሲል ገጹ ያልቃል። ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ናቸው። ትናንት ስንለማመድ በቀኝ እጄ ልገልጥ ብዬ ሦስት ቅጠል አንድ ላይ ገለጥኩ። መልሼ ላስተካክል ስል መጽሐፉ ቁልፎቹ ላይ ዘጭ አለ። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ዝግጅቱ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ፒያኖው ቋሚው፣ አፕራይቱ ነው። አይፓድ የለኝም፤ ገጽ የሚገልጥልኝ ሰውም የለኝም። ምን ይሻለኛል?

---

ባለ88ቁልፍ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

በቃልህ ያዘው። አለቀ።

---

ዲሲ_አጃቢ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ባለ88ቁልፍ፣ አላለቀም። ለብቻው ለሚጫወት ሰው በቃል መያዝ ጥሩ ነው። አጃቢ ግን ኖታ ፊቱ የሚያስቀምጠው ሰንፎ አይደለም። ዘፋኟ አንድ ሜዠር (በቋሚ መስመር የተከፈለ የኖታ ክፍል) ብትዘል፣ ቫዮሊኒስቱ አንድ ምት ቢቸኩል፣ አብረህ ዘለህ የምትይዘው ኖታው ፊትህ ካለ ነው። እዚህ አሜሪካ ለዘፋኞችና ለተማሪዎች ሳጅብ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አንድም ቀን በቃሌ አጅቤ አላውቅም፤ አጅቢ ያለኝም የለም።

ጀማሪ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለምን ያንተ መጽሐፍ እንደሆነ ልንገርህ። ቫዮሊኗ የምታየው የራሷን መስመር ብቻ ነው። አንተ የሷን መስመር ከላይ፣ የራስህን ሁለት መስመር ከታች ታያለህ። ሦስት መስመር አንድ ላይ ታስሮ ሲሄድ ገጹ ወዲያው ይሞላል። ይህ ቅጣት አይደለም። እሷ ስትሳሳት የት እንዳለች የሚያውቀው ሰው አንተ ነህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። እርሳስ ያዝና ከፒያኖው ተነስተህ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥ። የግራ ገጽ መጨረሻ አያሳስብህ፤ እዚያ የሚሻገረው ዓይንህ ብቻ ነው። የሚያስጨንቀው የቀኝ ገጽ መጨረሻ ነው። ስለዚህ 20 ገጽ ያለው ኖታ የሚገለጠው 10 ጊዜ ያህል ነው። ግማሹ ፍርሃትህ ሄደ አይደል?

ከዚያ እያንዳንዱን የቀኝ ገጽ መጨረሻ አየውና ሥራ የሚያንሰው እጅ የትኛው እንደሆነ ፈልግ። ግራው ከሆነ «ግ»፣ ቀኙ ከሆነ «ቀ» ብለህ ትልቅ አድርገህ ጻፍ። ገጽ መገለጥ ያለበት መጨረሻው ኖታ ላይ ነው ያለህ ማነው? ከሁለት ሜዠር በፊት እረፍት ካለ እዚያው ግለጥና የቀሩትን ሁለት ሜዠሮች በቃልህ ተጫወት። እረፍቱ ያለው ከገጹ በኋላ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለውን ገጽ መጀመሪያ በትንሽ ወረቀት ገልብጠህ ከገጹ ግርጌ ለጥፍ። እሱን ተጫውተህ እረፍቱ ላይ ስትደርስ ትገልጣለህ። እኔ የመጀመሪያውን ቀድሞ መግለጥ፣ ሁለተኛውን ዘግይቶ መግለጥ እላቸዋለሁ። ልክ ገጹ ባለቀበት ቅጽበት የምገልጠው ግን በጣም ጥቂት ነው።

በቃል መያዝ ያለብህ እንግዲህ ሶናታውን ሙሉ አይደለም። አሥር ቦታ ላይ ሁለት ሁለት ሜዠር ነው።

---

ቫዮሊኒስቷ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡19

ቆይ ቆይ። አንተ ነህ እንዴ ይህን የጻፍከው?? 😂

---

ጀማሪ_አጃቢ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡21

እኔ አይደለሁም።

---

ቫዮሊኒስቷ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡22

መጽሐፉ ቁልፎቹ ላይ የወደቀበት ሌላ ሰው አላውቅም። በነገራችን ላይ የኔ ኖታ ሙሉው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚገለጠው። እሱም እረፍት ላይ። ጸልዩለት።

---

የግራ_እጅ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ዲሲ_አጃቢ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ፔዳሉን አትርሳ። ግራ እጅህ ቤዙን ከመታ በኋላ ቀኝ እግርህ ፔዳሉን ከያዘ ድምፁ ይቆያል፤ እጅህ ግን ነጻ ነው። በዚያች ሰከንድ ገጽ ይገለጣል። የስፕሪንግ መክፈቻ ራሱ ለዚህ ይመቻል። ቫዮሊኑ ሲያዜም ቀኝ እጅህ ይንቆረቆራል፤ ግራህ ረጃጅም ቤዝ ይዞ ተቀምጧል። ሥራ ፈት እጅ ማለት እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ኖታ መተው ኃጢአት አይደለም። ኮርድ ውስጥ አራት ድምፅ ካለ ከመሃል አንዱን ብትተው ማንም አይሰማም። ግራ እጅህ ኦክታቭ (ያው ድምፅ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ) ከያዘ ታችኛውን ብቻ ምታ። ቤዙን ግን አትተው፤ ቤዙ ከጠፋ ጓደኛህ የምትቆምበት መሬት ይጠፋል። ምቱንም አትተው። ኖታ ጎደለ ብሎ አዳራሽ የተቆጣ ሰው አላየሁም። ሙዚቃው ገጽ ሲገለጥ ሲደናቀፍ ግን ከኋላ ወንበር ያለውም ይሰማዋል።

---

ሙኒክ_ያለሁት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡15

የሚተው ነገር የሌለበት ኖታም አለ። የሹበርትን «ኤርልኮኒግ» የሚባል ዘፈን ያጀበ ያውቀዋል። ሹበርት በ18 ዓመቱ፣ በፈረንጆች 1815 የጻፈው ነው። አባት ልጁን አቅፎ በሌሊት ፈረስ ይጋልባል፤ ቀኝ እጅህ ፈረሱ ነው። አንዱን ኦክታቭ እየደጋገመ ሦስት ሦስት እያለ ይሮጣል፤ አራት ደቂቃ ገደማ። ቀኝ እጅህን ለገጽ ብታነሳ ፈረሱ ቆመ ማለት ነው።

መምህሬ ያሳየችኝ እንዲህ ነበር። መጀመሪያው ላይ ግራ እጅ ከታች እንደ ነፋስ ሽው ብሎ ይወጣና ዝም ይላል። ከዚያ እንደገና ሽው ይልና ዝም ይላል። ዝም ባለበት ትገልጣለህ። ችግሩ ዘፈኑ ውስጥ ያለው መንፈስ ልጁን ማባበል የሚጀምርበት ጋ ነው፤ እዚያ ሁለቱም እጅ ተይዟል። ገጹ እዚያ ላይ የሚያልቅ እትም ገዝቼ ነበር፤ ስንት ቀን እንዳበሳጨኝ። በመጨረሻ ሌላ እትም ፈልጌ አገኘሁ። ያው ኖታ፣ ያው ድምፅ፣ ገጹ ግን ሌላ ቦታ ላይ ይገለጣል።

ስለዚህ ጀማሪ፣ ከመልፋትህ በፊት ሌላ እትም እይ። አይኤምኤስኤልፒ የሚባለው ድረ ገጽ ከፈረንጆች 2006 ጀምሮ የባለቤትነት መብታቸው ያለፈ ኖታዎችን በነጻ ያስቀምጣል። ስፕሪንግ በ1801 የታተመ ነው፤ እዚያ ከአንድ በላይ የድሮ እትም ታገኛለህ። ሁሉንም አውርድና የቀኝ ገጾቹን መጨረሻ ብቻ አወዳድር። እዚህ ሙኒክ ያለው የኖታ አሳታሚ ሄንሌ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ማለቴ ነው፣ ገጹ የሚመች ቦታ ላይ እንዲያልቅ ሲሉ መስመሩን አጥብበውም አስፍተውም ያትማሉ። አንዳንዴ ገጹ ግማሽ ባዶ ሆኖ ታያለህ። ወረቀት አባካኞች ሆነው እንዳይመስልህ፤ ላንተ እጅ ብለው ነው።

አሮጌ ኖታ ላይ ከገጹ ግርጌ «ቪ.ኤስ.» የሚል ካየህ ደግሞ ቮልቲ ሱቢቶ ነው፤ በጣልያንኛ ቶሎ ግለጥ ማለት ነው። ማለትም አታሚው ራሱ አልሆነለትም፤ ይቅርታ እየጠየቀህ ነው።

---

ሽቦ_አልባ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡02

ሰዎች፣ በፈረንጆች 2015 ትልቁ አይፓድ ፕሮ ከወጣ ወዲህ ይህ ችግር ተፈትቷል እኮ። ኖታውን ፎርስኮር በሚባል የኖታ መተግበሪያ ትከፍታለህ፤ ብሉቱዝ ፔዳል ከእግርህ ሥር ታስቀምጣለህ፤ ትረግጣለህ፤ ይገለጣል። ኤርተርን አለ፣ ፔጅፍሊፕ አለ። እጅ አያስፈልግም። እግርም ካልተመቸህ ካሜራው ፊት በሚያነብ አይፓድ ላይ አፍህን ወደ ጎን ስታጣምም ወይም በዓይንህ ስትጠቅስ የሚገልጥበት አማራጭ አለው።

---

የግራ_እጅ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

ቫዮሊኒስቷን በየገጹ ሲጠቅሳት ታየኝ።

---

ቫዮሊኒስቷ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

እምቢ።

---

ዲሲ_አጃቢ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔም አሁን የምጠቀመው አይፓድ ነው፤ ግን «ተፈትቷል» የሚለውን ልቀንስ። ችግሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም።

የ12.9 ኢንቹ ስክሪን ቁመቱ 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኤ4 ወረቀት 29.7 ነው። ስለዚህ ኖታው ያንሳል፤ ያውም የሚታይህ አንድ ገጽ ብቻ ነው። በወረቀት ሁለት ገጽ ታይ ነበር። ለአንድ ሶናታ የምትገልጠው ቁጥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እግር ስለሆነ ቀላል ነው እንጂ።

ከዚያ የግራ እግር ጣጣ አለ። የፒያኖውን ድምፅ የሚቀንሰውን ፔዳል የሚረግጠው ግራ እግር ነው፤ ገጽ የሚገልጠውም እሱ ነው። ሁለቱ አንድ ጊዜ የመጡ ዕለት ምረጥ። አንዴ ለስለስ ያለ ዘፈን ላይ የብሉቱዙን ፔዳል ትቼ የፒያኖውን ስፈልግ ሁለት ጊዜ ረገጥኩት። ገጹ ሁለቴ ዘለለ። ዘፋኙ ገና ስለ ጽጌረዳ እየዘፈነ ነው፤ እኔ የሚቀጥለው ዘፈን ላይ ነኝ። የመመለሻውን ፔዳል አግኝቼ እስክረግጥ ድረስ የፈጠርኩት ሙዚቃ የማን እንደሆነ አላውቅም።

አይፓድ ለምታስቡ ሰዎች ከመድረክ በፊት የማደርገውን ልንገራችሁ። አውሮፕላን ሞዱን አበራና ብሉቱዙን ብቻ መልሼ እከፍታለሁ። ስክሪኑ ራሱን እንዳያጠፋ አስተካክላለሁ። ፔዳሉ ለስላሳ ወለል ላይ ይሸሻል፤ ከሥሩ በፕላስተር አጣብቀዋለሁ። ግማሽ ገጽ የሚባለው አማራጭ ደግሞ በረከት ነው። ስትረግጡ የላይኛው ግማሽ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ይቀየራል፤ የታችኛው ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የመርገጫው ጊዜ ሰፊ ነው፤ መሃል ላይ በፈለጋችሁት ቅጽበት።

አይፓድ ወረቀትን በትክክል የሚበልጠው ድግግሞሽ ላይ ነው። ስፕሪንግ የመጀመሪያው ክፍል ሲሶው ገደማ ላይ ደርሶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በወረቀት ብዙ ቅጠል ወደ ኋላ ነው። በአይፓድ ገጾቹን ደግማችሁ ታስገቡና ወደ ፊት ብቻ ትረግጣላችሁ።

---

ጀማሪ_አጃቢ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡44

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አይፓዱ እንኳን ከአቅሜ በላይ ነው፤ ወረቀት ላይ እንቆይ። ትናንት ማታ በእርሳስ ሠራሁት። አብዛኛው ቦታ እጅ አገኘሁ። የማይሆኑልኝ ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ያ ወደ ኋላ መመለስ ያለበት ነው። ፎቶ ኮፒ አድርጌ እንዳልዘረጋው የአፕራይቱ ኖታ ማስቀመጫ ጠባብ ነው፤ ሁለት ገጽ ብቻ ነው የሚይዘው።

---

የቤተክርስቲያን_ኪቦርድ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ይህ እንኳን የኔ ክፍል ነው። ኪቦርዴ የሚይዘው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር። ከጠንካራ ካርቶን ሰሌዳ ቆረጥኩ፤ ስፋቱ 85 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 32። ከማስቀመጫው ፊት ይደገፋል። አራት ኤ4 ጎን ለጎን ይቆማል። ጥቁር ወረቀት ለብጬዋለሁ፤ ከሩቅ ዕቃ ይመስላል።

ካርቶኑን ወፍራም ምረጥ፤ ጫፉ ከተንጠለጠለ ይጎብጣል። ፎቶ ኮፒውንም በቀጭን ወረቀት አታድርግ፣ ይታጠፋል። ከጀርባ በፕላስተር ካያያዝከው እንደ አኮርዲዮን ይዘረጋል። ፕላስቲክ ውስጥ ግን አትክተተው! መብራቱ ያንጸባርቅና ምንም አታይም። ይህን የተማርኩት በሠርግ መሃል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማራገቢያ። ቬንትሌተሩ ዞሮ ዞሮ ወደኔ ሲመጣ ኖታዬ ክንፍ ያወጣ ነበር። የልብስ መቆንጠጫ ሁለት ያዝ።

---

ጡረተኛ_መምህር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ልጆች፣ ደኅና ዋላችሁ። ሁላችሁም ስለ እጅና ስለ እግር አወራችሁ፤ ሰው ግን ተረሳ። ለሦስት ቦታ ብለህ ካርቶን ከምትቆርጥ ኖታ ማንበብ የሚችል አንድ ልጅ ለምነህ አስቀምጥ። ሙያው ግን ሙያ መሆኑን ንገረው።

ገላጭ የሚቀመጠው ከፒያኒስቱ በስተግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ነው። መድረክ ላይ የፒያኒስቱ ቀኝ ጎን ወደ ሕዝቡ ስለሚሆን በግራ ያለው ሰው ከፒያኒስቱ ጀርባ ይጋረዳል። ገጹ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው ቀስ ብሎ ይነሳል። በግራ እጁ ከላይ በኩል የቀኙን ገጽ የላይኛ ጫፍ ይይዛል። በግራ እጅ የሆነበት ምክንያት በቀኝ ከዘረጋ ክንዱ ኖታውን ስለሚጋርድ ነው። አንዲት ቅጠል ብቻ መያዙን በጣቱ ያረጋግጣል። ፒያኒስቱ ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ ይገልጣል፤ በፍጥነት ግን ያለ ድምፅ። ከዚያ ይቀመጣል።

ጣት በምራቅ ማርጠብ ነውር ነው። የምታንቃጭል አምባር አይደረግም። ሽቶ አይበዛም። ዜማውን አብሮ ማንጎራጎር ክልክል ነው። አንዲት ተማሪዬ ነጠላ ለብሳ ልትገልጥ ተነሳች፤ ዘርፉ ወርዶ የሚጫወተው ልጅ ጣቶች ላይ አረፈ። ልጁ ከነጠላው ጋር ተጫወተው።

ትልቁ ስሕተት የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፒያኒስቱ ሁልጊዜ ራሱን ይነቀንቃል። ስሜት ነው። ገላጩ የትኛው ነቅናቄ የገጽ እንደሆነ ቀድሞ ካልተነጋገረ ጉድ ይፈላል። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ ለአንድ እንግዳ ፒያኒስት ስገልጥ፣ ሰውዬው ዜማው ጥሞት ጎንበስ ቢል ገለጥኩበት። በአንድ እጁ እየተጫወተ በሌላው መለሰው። ዓይኑን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ድግግሞሹንም ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ይመለሳል ወይስ ይቀጥላል? ወደ ኋላ የሚመለስበት ገጽ ላይ የምታጣብቋት ቁራጭ ወረቀት ትኑር።

የገላጭን ነገር ካነሳን የቤትሆቨንን ገላጭ ልንገራችሁ። ሚያዝያ 5 ቀን 1803 በፈረንጆች፣ ቪየና፣ ቴአትር አን ዴር ቪን። ቤትሆቨን ሦስተኛውን የፒያኖ ኮንቸርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወት ኢግናዝ ፎን ዛይፍሪድን ገጽ ግለጥልኝ አለው። ዛይፍሪድ የቴአትሩ ሙዚቃ መሪ ነው፤ ማንበብ የማያቅተው ሰው። ኖታውን ሲያይ ገጾቹ ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ የግብፅ ሂሮግሊፍ የሚመስል ጭረት አለ፤ እሱም ለቤትሆቨን ማስታወሻ እንጂ ለሌላ ሰው አይገባም። ቤትሆቨን ክፍሉን ጽፎ ለመጨረስ ጊዜ አላገኘም፤ በቃሉ ነው የሚጫወተው። የማይታየው ኖታ ሲያልቅ በዓይኑ ይጠቅሰዋል፤ ዛይፍሪድም ባዶውን ገጽ ይገልጣል። ሰውዬው ጥቅሻው ያመልጠኛል ብሎ ሲጨነቅ አመሸ። በኋላ እራት ላይ ቤትሆቨን በጭንቀቱ ሆዱን ይዞ ሳቀበት።

---

የግራ_እጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡41

ጋሼ፣ ይህን ታሪክ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሽቦ_አልባ፣ በዓይን መጥቀስ በ1803 ተጀምሯል ማለት ነው፤ አይፓድ አልነበረም።

---

ባለ88ቁልፍ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

አየህ፣ ቤትሆቨንም በቃሉ ነው የተጫወተው። እኔ ያልኩትን ነው።

---

ሙኒክ_ያለሁት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡12

ራሱ የፈጠረውን ነው እኮ!

በነገርህ ላይ በቃል መጫወት ግዴታ የመሰለው በኋላ ነው። በ1837 ክላራ ቪክ፣ በኋላ ክላራ ሹማን የሆነችው፣ በ17 ዓመቷ በርሊን ላይ የቤትሆቨንን «አፓሲዮናታ» ሶናታ ያለ ኖታ ስትጫወት ትዕቢት ነው ብለው የተናገሩባት ነበሩ። እሷና ፒያኒስቱ ሊስት ናቸው ነገሩን ያስለመዱት። ከዚያ ተገላበጠና ኖታ ማስቀመጥ የሚያሳፍር ሆነ። ታላቁ ፒያኒስት ስቪያቶስላቭ ሪክተር ደግሞ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት ወደ ኖታ ተመለሰ። አዳራሹን ያጨልማል፣ አንዲት መብራት ኖታው ላይ ትበራለች፣ ገላጭ አጠገቡ ይቀመጣል። ሪክተር እኮ ነው። እሱ ካላፈረ አንተና እኔ ምን ቤት ነን?

---

ባለ88ቁልፍ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡20

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ገጽ መግለጥ ለሰለቸው ፈረንሳዊው አቀናባሪ ሳቲ «ቬክሳሲዮን» የሚባል ነገር ጽፏል። አንድ ገጽ ነው። ምንም አይገለጥም።

---

ሙኒክ_ያለሁት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡23

840 ጊዜ ይደገማል የሚለውን ዘለልከው። በ1963 ኒውዮርክ ላይ ፒያኒስቶች እየተፈራረቁ ሲጫወቱት ከ18 ሰዓት በላይ ፈጀ። ስፕሪንግ ይሻለዋል።

---

ዲሲ_አጃቢ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ነገር፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። ገላጭ ብታገኝም ለብቻህ የመግለጡን ልምምድ አትተው። ጉንፋን የሚባል ነገር አለ።

ልምምዱ ደግሞ እንዲህ ነው። ከገጹ መጨረሻ አራት ሜዠር ቀድመህ ጀምር፣ ግለጥ፣ አራት ሜዠር ተጫወትና አቁም። እንደገና። ሃያ ጊዜ። ኖታውን በጣት ቁጥር እንደምትለማመደው ሁሉ እጅህ ከቁልፉ ተነስቶ ወደ ወረቀቱ የሚሄድበትን መንገድም ተለማመድ። ብዙ ሰው ልምምድ ላይ ገጹ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ፣ ገልጦ፣ ተንፍሶ ይቀጥላል። ሁለት ወር እንደዚያ ሲያደርግ ሰውነቱ የሚማረው መቆምን ነው። መድረክ ላይም ይቆማል።

አዲስ መጽሐፍ ከሆነ ወገቡን አላላው። ከፊትም ከኋላም ጥቂት ጥቂት ቅጠል እየከፈትክ በመዳፍህ ተጫነው። የቀኙን ታችኛ ጫፍ ደግሞ ወዳንተ ትንሽ እጠፈው፤ አንዱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች አፈራርቅ። ሁለት ቅጠል አብሮ አይመጣብህም። ያ ሦስት ቅጠል አንድ ላይ የገለጥከው ይህን ስላላደረግክ ነው።

---

ጀማሪ_አጃቢ · እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡50 (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ጠፍቼ ነበር። ዛሬ ተጫወትን፤ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ገላጭ አገኘሁ። የታናሽ እህቴ ጓደኛ ናት፤ ኖታ ታነባለች። የጋሼን ጽሑፍ አትሜ ሰጠኋት፤ አምባሯን ቤት ትታ መጣች። ነጠላም አልለበሰችም። የገጹን ነቅናቄ ከስሜቱ እንድትለይ ተስማማን፤ የገጹ አገጬን ወደ ታች ነው፣ የስሜቱ ወደ ጎን። ችግሩ ዛሬ አንዴ እንኳን ወደ ጎን አለመነቅነቄ ነው። እናቴ «ምነው እንደ ሐውልት ደረቅህ?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ክፍል መመለሻ ላይ ሰሌዳውን ተጠቀምን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ኮፒ አድርጌ በስተግራ ጫፍ ለብቻቸው አቆምኳቸው። ስንመለስ ዓይኔ ብቻ ሄደ። የቤተክርስቲያን_ኪቦርድ፣ ዕዳ አለብኝ። መቆንጠጫም ይዤ ነበር፤ ማራገቢያ ግን አልነበረም።

ሦስተኛው ክፍል፣ ስከርዞው፣ አጭር ነው፤ የኔ ኮፒ ላይ ሁለት ገጽ ስለሆነ ምንም አይገለጥም። እዚያ ቫዮሊኑ ከፒያኖው አንድ ምት የዘገየ ይመስላል፤ ቤትሆቨን ሆን ብሎ ነው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ግን ለጎረቤቱ «ተላለፉ» ሲል እህቴ ሰምታዋለች።

አራተኛው ክፍል ላይ ልጅቷ አንዴ ዘገየች። ግራ እጄ ራሱ ሄዶ ገለጠው፤ እኔ አላዘዝኩትም። ሃያ ጊዜ ያልሽኝን አርባ አድርጌው ነበር ዲሲ_አጃቢ።

ስለዚህ ከኔ በኩል ሁሉም ገጽ በሰላም ተገለጠ። በዕለቱ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ የገለጠ ሰው አለ፤ እሱ ግን እኔ አይደለሁም።

---

ዲሲ_አጃቢ · እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡02

እልልልል! ቆይ ግን፣ ማነው የገለጠው?

---

ጀማሪ_አጃቢ · እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡04

ኖታዋ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚገለጥ፣ እሱም እረፍት ላይ የሆነ ሰው።

---

ቫዮሊኒስቷ · እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡05

ወረቀቱ ተጣብቆ ነው!! ደግሞ ስድስት ሜዠር በቃሌ ተጫወትኩ፤ ማንም አላወቀም።

---

ጀማሪ_አጃቢ · እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡07

እኔ አውቄያለሁ። መስመርሽ እኮ ፊቴ ነው።